የነቃው አርማታ

ከማዘጋጃ ቤት ስወጣ በሩ ላይ ከጋሽ ቱንቢ ጋር ተጋጨሁ። ስማቸው ሌላ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የግንብ ቀጥታ የሚለኩበት ቱንቢ ከእጃቸው ስላልተለየ መንደሩ በመሣሪያቸው ይጠራቸዋል። በዚህች የድንበር መንደር ከቆሙት የግንብ ቤቶች ግማሹን የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«መምህር፣ እንኳን አገኘሁህ!» አሉኝ አንድ ወረቀት እያውለበለቡ። «መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው። እስቲ ይህችን ሙላልኝ።»

ወረቀቱ ለሕንፃ ተቆጣጣሪ የሚቀርብ ቅጽ ነበር። ባሏ ለሞተባት ልጃቸው በግቢያቸው ውስጥ ቤት እየሠሩላት ነው። ስድስቱ ምሰሶዎች ከሳምንታት በፊት ቆመዋል፤ በማግስቱ በላያቸው የአርማታ ጣሪያ ሊፈስ ነው። ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጠየቅኋቸው።

«የምሰሶዎቹ አርማታ የተቦካው ስንት ሰዓት ነው?»

«ከጠዋቱ አምስት ሰዓት።»

«የፈሰሰውስ?»

«ሁለቱ ወዲያው። አራቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

እንደነገሩኝ ጻፍኩ። ተማርኩ የምለው እኔ ምንም አልታየኝም። የታየው ለተቆጣጣሪዋ ነው። እሷም ሌላ ሰው አይደለችም፣ የጋሽ ቱንቢ የእህታቸው ልጅ ናት። ከቢሮዋ ወጥታ ቅጹን ተቀበለችን፤ እዚያው በሩ ላይ አነበበችና ቀና አለች።

«አጎቴ፣ ይህ አምስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ልክ ነው?»

«ውሸት አጻፍኩ እንዴ?»

«ታዲያ አርማታው በመሃል የት ዋለ?»

«የት ይውላል? ተኝቶ ነዋ! ከምሳ በኋላ ውሃ ጨምረን አነቃነው።»

«ማንቃት» የመንደራችን ግንበኞች ቃል ናት። የማቡኪያ ማሽን የለንም፤ ከድንበሩ ማዶ በኪራይ ይመጣል። ኬላው ደግሞ ማሽን የሚያሳልፈው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የቀኑ አርማታ ሁሉ በጠዋት ይቦካና ማሽኑ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ የጠጠረውን ክምር ውሃ እያጠጡ በአካፋ ያገላብጡታል። ይህ ነው ማንቃት። አባት ለልጅ ሲያስተምረው ኖሯል፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

«እንዲህ ከሆነ ጣሪያው ነገ አይፈስም» አለች። «አልፈርምም።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «ስሚ አንቺ ልጅ! እናትሽ የምትኖርበትን ቤት ማን ሠራው?»

«እርስዎ።»

«ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«ታዲያ በሰው ፊት የምታዋርጂኝ ምን በደልኩሽ? የሥጋ ዘመድሽን አንዲት ፊርማ ትነሺዋለሽ?»

«አጎቴ፣ እዚህ መንደር ዘመዴ ያልሠራውን ቤት ልቆጣጠር ካልኩ ድንበር መሻገር አለብኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምን ያስገለፍጥሃል? ለዚህ ፈቃድ አራት ወር ተመላለስኩ! አንዱ ማኅተሙን ኪሱ ከትቶ ሥልጠና ሄደ። ሌላው ፋይልዎ ጠፍቷል ይለኛል፣ ፋይሌ ላይ ቁጭ ብሎ! ክረምቱ ሲደርስብኝ ማን አዘነልኝ? ዛሬ ነው ቁጥጥር የታያችሁ?»

በዚህ ቁጣቸው ከሳቸው ጋር ነኝ። ሰውን አራት ወር የሚያንከራትት ቢሮ ሕግ አክብሩ ለማለት አፉ ሊተሳሰር ይገባል። ነገር ግን በሰነፍ ጸሐፊ ተናደን ደካማ ምሰሶ ብናቆም፣ የሚወድቀው በጸሐፊው ላይ አይደለም። ይህን ሳይለዩ ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚረግሙ ወገኖቼ ያቃጥሉኛል።

ተቆጣጣሪዋም አልሸሸችም። «ማንከራተቱ የእኛ ጥፋት ነው፤ አልከራከርዎትም። አርማታው ግን ጥፋታችንን አያውቅም። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው ጊዜ ጀምሮ እርስ በርሱ መያያዝ ይጀምራል። ከተያያዘ በኋላ ውሃ ሲጨምሩበት የያዘው ይለቃል። ይለሰልሳል፣ ለማፍሰስም ይመቻል፤ ጉልበቱ ግን ሄዷል።»

«የእናትሽ ቤትስ?»

«የእናቴ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ነገ ሊጭኑት ያሰቡት ግን ብዙ ኩንታል ድንጋይ ማለት ነው። እኔን አይመኑኝ። መዶሻዎን ያምኑታል?»

ሽማግሌው ዞረው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ፤ ተከተልናቸው።

ግቢው ውስጥ ልጃቸው ሕፃኗን አዝላ ከምሰሶዎቹ መሃል የወዳደቀ ሚስማር ትለቅም ነበር። አልጋዋና ሁለት ሻንጣዎቿ በሸራ ተሸፍነው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ነገ ነው አይደል?» አለች።

እሳቸው መዶሻቸውን አንስተው በጠዋት የፈሰሰውን ምሰሶ መቱት። ክው አለና መዶሻውን መልሶ አነጠረው። ሌላውንም መቱት፤ እንደዚያው። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ወደፈሰሰው ተሻገሩ። ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ሆነ። ደግመው ሲመቱት ጠርዙ ተገምሶ ወደቀና የውስጡ ፌሮ ብረት ብቅ አለ። ስባሪውን አንስተው በጣቶቻቸው አሹት፤ እንደ ዱቄት ረገፈ። ሦስቱን ቀሪዎች አንድ በአንድ መቱ። ሦስቱም እንደዚያው ነበሩ።

«ነገ አይደለም» አሏት ልጃቸውን።

«አባዬ! የሰው ፊት እያየሁ እስከ መቼ?»

«ከዚህ ሥር ልጅሽን አስተኝተሽ እኔ ቤቴ ልተኛ?» አሏት። መዶሻውን መሬት ላይ አኖሩና የእህታቸውን ልጅ አዩዋት። «ሦስት አሉ።»

«ምኖቹ?»

«የአርማታ ጣሪያ የሠራሁላቸው። የባለ ወፍጮው፣ የባለ ሱቁና የነርሷ። ሦስቱም የነቃ አርማታ ገብቶባቸዋል። ከነርሷ እንጀምር፣ ልጆች አሏት።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ እኛን አስከትለው የነርሷ ደጅ ቆመው ነበር። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አሏት። «ተሳስቼ ሠርቼዋለሁ። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ።» ነርሷ የሰደበችንን ስድብ አልጽፈውም። ወጣች ግን። በሳምንቱ ጣሪያውን በእንጨት ደግፈው የጓዳውን ምሰሶ ሊያድሱ ሲነኩት ከወገቡ ለሁለት ተከፈለ። በዚያ ምሰሶ ሥር የልጆቿ አልጋ ነበር። የባለ ሱቁም አንድ ምሰሶ ተለወጠ፤ የወፍጮ ቤቱ ግን የነቃው አርማታ ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ውስጥ ስላልገባ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ቱንቢና ተቆጣጣሪዋ ተያይዘው ማዘጋጃ ቤቱን አስጨነቁት። ዛሬ ፈቃድ በአሥራ አምስት ቀን ይሰጣል፤ ማኅተም ያዡ ሲሄድ ማኅተሙን ለተተኪው አስረክቦ ነው። ኬላው በደብዳቤ ተጠይቆ ማሽኑን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያቆያል፤ ስለዚህ አርማታ እየተቦካ ወዲያው ይፈስሳል። ተቆጣጣሪዋ ፌሮው ሲታሰርና አርማታው ሲፈስ ትገኛለች፤ የፈረመችውም በስሟ ይቀመጣል። ሠሪው ስህተቱን ገና እርጥብ ሳለ ያርማል፤ ባለቤቱ ሁለቴ ከመሥራት ይድናል፤ እናት ጣሪያዋን ሳትጠራጠር ልጇን ታስተኛለች። ቁጥጥር ጠላትነት የሚመስላችሁ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ወዳጅነት ካላችሁ አምጡና አሳዩኝ!

የጋሽ ቱንቢ ልጅ ቤቷ የገባችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አራቱን ምሰሶዎች አባቷ በገዛ እጃቸው አፍርሰው እንደገና አቆሟቸው። ነርሷ ግን እስካሁን ሰላም አትላቸውም፤ መንገድ ላይ ስታያቸው ፊቷን ታዞራለች። ባለፈው አብረን ስንሄድ ይህን አይቼ ተናደድኩ፤ ውለታ ቢስ ልላትም ቃጣኝ።

ሽማግሌው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ተዋት፣ መምህር። ለመቆጣትም ከሞት የተረፈ ሰው ያስፈልጋል።»