ሳይነሱ ክፉ ማውራት

ሐሙስ ረፋድ ላይ ልጄ ረስታው የሄደችውን መነጽር ላደርስላት ወደ በረራ ማሠልጠኛው ብሄድ፣ ነዳጅ መቅጃው አጠገብ ጎረቤቴ ካፒቴኑ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ካፒቴኑ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚያ ያስተምራሉ። የእህታቸው ልጅም እዚያው አስተማሪ ናት፤ ብቻውን የሚበር ተማሪ ካለ የምትፈርምለት እሷ ናት። የክርክራቸው ምክንያት ደግሞ የእኔው ልጅ ሆና አገኘኋት፤ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትበር ነበር።

«እንኳን መጣህ ጎረቤት!» አሉኝ ካፒቴኑ። «ይህች ልጅ ልጅህን ልታስፈራራብህ ነው።»

«ማስፈራራት አይደለም ጋሼ» አለችኝ አስተማሪዋ። «ከመሬት እንደተነሣሽ ሞተሩ ቢጠፋ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ‹ካፒቴን እንዳደረጉት በአራት መቶ ጫማ ላይ ዞሬ መንደርደሪያው ላይ አርፋለሁ› አለች። ተለማምደሽው ታውቂያለሽ ብላት፣ ‹ኧረ በጭራሽ!› አለችኝ። ይህ ሳይስተካከል አልፈርምላትም።»

ይህን የካፒቴኑን ታሪክ በሰፈራችን ያልሰማ ቢኖር አዲስ የገባ ተከራይ ብቻ ነው። በወጣትነታቸው ገና እንደተነሡ ሞተር ጠፍቶባቸው፣ ዞረው በሰላም አረፉ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ከፍታው ሰባት መቶ ጫማ ነበር። ከዓመት ዓመት እየወረደ አራት መቶ ደርሷል፤ ዕድሜ ከሰጣቸው አውሮፕላኗ ገና ቆማ ሳለች የሚዞሩበት ቀን ሩቅ አይደለም።

«ሳይነሱ ክፉ ማውራት ሟርት ነው!» አሉ ካፒቴኑ። «በእኛ ጊዜ አውሮፕላን አጠገብ ቆሞ እንዲህ የሚያወራ ሰው ይባረር ነበር።»

«ሞተሩ ጆሮ የለውም አጎቴ። ብናወራም ባናወራም መጥፋት ሲፈልግ ይጠፋል።»

«እና መላሽ ምንድን ነው፣ የኔ ሊቅ?»

«ከፍ ብለን መለማመድ። ሦስት ሺህ ጫማን መሬት ነው እንበል። ሦስት ሺህ አራት መቶ ላይ፣ ሞተሩ የጠፋ ያህል እንዲሆን ጋዙን እዘጋለሁ፣ እርስዎ ይዞራሉ። ዞረን ስንጨርስ ከሦስት ሺህ በላይ ከሆንን ተርፈናል፤ በታች ከሆንን ሞተናል፤ ያም ቢሆን ለምሳ እንደርሳለን።»

«እሺ! ጎረቤት ይፍረድ» አሉና አውሮፕላኗ ውስጥ እኔን ከኋላ ወንበር አስቀመጡኝ። ትምህርቴ ብዙ ባይገፋም የከፍታ መለኪያ ማንበብ አያቅተኝም፤ እርሳስና ወረቀት ያዝኩ።

ሦስት ሺህ አራት መቶ ስንደርስ ጋዙ ተዘጋ። ካፒቴኑ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አፍንጫዋን ደፍተው፣ ክንፏን አዘንብለው አዞሯት። በጎን መስኮቴ በኩል መሬት እንጂ ሰማይ አልታይ አለኝ። ዞረን ስንጨርስ መለኪያውን አነበብኩ፦ ሦስት ሺህ ሃያ።

«ሃያ ጫማ ተርፎናል!» አሉ ካፒቴኑ። «ሃያ ጫማ እኮ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው!»

«ጎበዝ ነዎት አጎቴ። በቃ፣ ኮረብታውን እንድናልፍ ከፍ ይበሉና እንመለስ። እግረ መንገድዎን ለጋሼ ያችን ታሪክ ይንገሯቸው።»

ካፒቴኑ ለዚህ ልመና አያስፈልጋቸውም። አንገታቸውን ወደ እኔ መለስ አድርገው ጀመሩ። «ያን ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ…» ሲሉ ጋዙ ተዘጋ። እኔ መለኪያውን አየሁ፤ ሦስት ሺህ አራት መቶ። ካፒቴኑ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ምን ነካት?» አሉ።

እስከ አራት ቆጠርኩ። አፍንጫዋ አሁንም ወደ ሰማይ ነው፤ ፍጥነቷ አልቆ ማስጠንቀቂያው ማላዘን ጀመረ። ያን ጊዜ ባነኑ፤ ደፏት፣ አዞሯት፣ ጨረሱ።

«ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና» አልኩ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከመሬት በታች ሁለት መቶ አሥር ጫማ ተቀብረናል ማለት ነው።

ተመልሰን አረፍን። ወርደን ሃንጋሩ ጥላ ሥር ስንደርስ ካፒቴኑ ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ያን ዕለት» አሉ፣ «ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ሲያስል ሰምቼው ነበር። መዞር የጀመርኩት ሳይጠፋ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ታሪኩን ያበላሸዋል።»

አስተማሪዋ አልሳቀችም። «ስለዚህ ነው የምለምንዎት። ዕውቀት ጎድሎዎት አይደለም፤ መደንገጥ ለሁሉም ሰው የሚመጣ ነው። ተማሪው ከነድንጋጤው ይለካ። በጠፋው ከፍታ ላይ ግማሹን ይጨምርበት። ከዚያ በታች መዞር የለም፤ ፊት ለፊት ካለው ቦታ የተሻለውን መርጦ ማረፍ ነው።»

«ተማሪው ፈርቶ ቢቀርስ?»

«ምን እንደሚያደርግ መሬት ላይ ከወሰነ፣ እላይ ላይ የሚቀረው ማድረግ ብቻ ነው።»

ካፒቴኑ ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። አርብ ጠዋት ተማሪዎቹን ሰብስበው፣ ሞተሩ ማሳሉን ሳይደብቁ፣ ታሪኩን እንደ አዲስ ነገሯቸው። ከዚያ ልጄን ራሳቸው ይዘዋት ወጡ። ባልጠበቀችበት ሰዓት ጋዙን ሲዘጉባት አምስት መቶ ሃያ ጫማ ጠፋባት። ግማሹ ሲጨመር ሰባት መቶ ሰማንያ፤ እሷም ወደ ላይ አጠጋግታ ስምንት መቶ አደረገችው። ልጄ በአራት መቶ ለመዞር አስባ እንደነበር ሳስታውስ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም እንደ ገባኝ ልናገር። ቀድሞ ሁሉም በአንድ ሰው ዕድል ሊበር ይነሣ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የራሱን ልክ ያውቃል። ነፋሱ ሲለወጥ ወይም ጭነት ሲበዛ ልኩም እንደሚለወጥ ያውቃል። ይልቁንም የማይሆነውን ለመሞከር አይመኝም፤ ከፊቱ ያለውን ሜዳ ሳይነሣ አይቶት ይነሣል። ፊርማውም ያለ ጭቅጭቅ ተፈረመ።

ቅዳሜ ልጄ መቀመጫዋ ላይ ታጥቃ ሳለች ካፒቴኑ በመስኮቷ ጎንበስ አሉ።

«አምስት መቶ ላይ ነሽ። ሞተሩ ጠፋ።»

«አፍንጫዋን እደፋለሁ። ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በስተግራ ያለው የታረሰ ማሳ።»

«መንደርደሪያውን ዞር ብለሽ አታዪም?»

«አላይም።»

«ስምንት መቶ አለፍሽ፤ ጠፋ።»

«ያን ጊዜ እዞራለሁ።»

«ሂጂ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ።»

ተነሣች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ አጥሩን ያዝኩ። ካፒቴኑ አጠገቤ ቆመው፣ ከፍታዋን በዓይናቸው እየለኩ፣ «ፊት ለፊት… ፊት ለፊት… አሁንም ፊት ለፊት…» ይላሉ። ሞተሩ ያለ እንከን ያጓራል። አውሮፕላኗ ከታረሰው ማሳ በላይ አልፋ እያነሰች ስትሄድ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ።

«አሁን» አሉኝ፣ «መዞር ትችላለች።»