ልቧ ደህና ነው ብዬ የመለስኳት እህቴ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ጋውናችሁን እንኳ ሳታወልቁ ከሥራ ተሯሩጣችሁ ስለመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዱልኝም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የልብ ምርመራ ክፍል ውስጥ ሠራሁ። የበሩ ጥበቃ ጋሼ ባዩኝ ቁጥር፣ «አንቺ የሰው ልብ የምታነቢ፣ እስቲ የሚስቴንም ልብ አንብቢልኝ» ይሉኝ ነበር። ሳቁ ግዴለም። እኔ ግን ያላነበብኩትን ልብ ልነግራችሁ ነው የቆምኩት።

ታናሽ እህቴ መምህርት ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ሳለ ልቧ በድንገት በኃይል ይመታ ጀመር፤ ትንፋሽ አጠራት፤ እጇ ደነዘዘ። ደግፈው አመጧት። ማሽኑን ራሴ አሰርኩላት። ውጤቱ ንጹሕ ነበር።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ምንም የለብሽም።»

«ታዲያ ለምን የምሞት መሰለኝ?»

«ደክሞሽ ነው። ሂጂና ዕረፊ።»

በዚያ ዓመት ሰባት ጊዜ መጣች። በሰባተኛው ትዕግሥቴ አለቀና በበሽተኞች ፊት፣ «አሁንስ አበዛሽው! እዚህ እኮ የታመመ ሰው አለ!» አልኳት። የሸሚዟን ቁልፍ ቆላልፋ ወጣች። ዳግመኛ አልመጣችም።

በመጀመሪያ አውቶቡስ መሳፈር ተወች፤ እናታችንን ሄዳ መጠየቅም በዚያው ቀረ። ቀጥሎ ገበያ፣ ከዚያ ማስተማሩን። እናታችን ስታርፍ ቀብር ላይ አልተገኘችም። ለብሳ እስከ በሩ ደርሳ እግሯ እምቢ እንዳላት ጎረቤት ነግሮኝ ነበር። ማን ሰምቶ! «ጨካኝ» አልኳት። አራት ዓመት ዘጋኋት።

ከዕለታት አንድ ቀን መኪና እየነዳ ሳለ ልቡ በኃይል የመታበት አንድ ሾፌር ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ልሸኘው ስል፣ ያኔ አዲስ የመጡልን የአእምሮ ሐኪማችን ብቅ አሉ። ያውና፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። «ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ነድተህ ታውቃለህ?» አሉት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

እኔ ይህን አንድ ጥያቄ እህቴን ለምን አልጠየቅኋትም?

በዚያው ቀን ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ሐኪሙም በኋላ ቤቷ ድረስ መጡልኝ። ሌላ በሽታ እንዳይሆን መጀመሪያ ደሟንና የእንቅርት ዕጢዋን አስመረመሩ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጠየቋት፦ መቼ ጀመረሽ? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ተመልሶ ይመጣል ብለሽ ትፈሪያለሽ? በፍርሃቱ ምክንያት ምን ምን ተውሽ?

«የጭንቀት ሕመም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይታከማል።»

«ስም አለው እንዴ?» አለች እህቴ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ከምን መጣባት?» ብዬ ጠየቅሁ። «አንድ ነገር ላይ ጣቴን አልቀስርም» አሉኝ። «በዘር ሊኖር ይችላል፤ ያለፈ ድንጋጤ፣ ሐዘን፣ የኑሮ ጫናም ይጨመርበታል። የእሷ ጥፋት ግን አይደለም።» አባታችን የትም ቦታ በር አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም ነበር። እኛ ጠባዩ ነው እንል ነበር።

ሕክምናው ቀስ እያለ ሠራ። መጀመሪያ እስከ አጥር፣ ቀጥሎ እስከ ሱቅ። ባለፈው ወር የእናታችን መቃብር ደረስን። እዚያ ቆመን፣ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ማሽኑ ያሳየሽን ነው የነገርሽኝ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማስተማሯን ማን ይመልስላታል? እናታችንስ «ልጄ ናቀችኝ» እንዳለች አይደል የሄደችው?

ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለችም፤ ሰው የበዛበት ቦታ ገና ይከብዳታል። ግን ሁለት ፌርማታ ብቻዋን ተሳፍራ መጥታ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ አላመሽም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እጃችሁ ለበሽተኛ ፈውስ ይሁን። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ጤናና ዕድሜ አይለያችሁ። ከቤታችሁ ብቻውን የሚፈራ ሰው ካለ፣ አጠገቡ ቁጭ የምትሉበትን ጊዜ አምላክ አይንፈጋችሁ።

በሉ ደህና ሁኑልኝ። እህቴ እየጠበቀችኝ ነው።