ሁለት እግር፣ ሦስት ፊሽካ

በእኛ ጊዜ አሰልጣኝ ማለት ፊሽካ ያለው ሰው ነበር፣ አትሳቁ! እኔም ፊሽካዬን የገዛሁ ዕለት ነው አሰልጣኝ የሆንኩት፣ እዚሁ ጎፋ፣ አሁን ፎቁ የቆመበት ሜዳ ላይ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ታዲያ ይሄ አጠገቤ የተቀመጠው ተስፉ፣ አሁን ሆዱን አትዩት፣ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ኳስ እግሩ ከገባች ማን ይነጥቀዋል! እና እወደው ነበር፣ ከልጆቼ ለይቼ አላየውም ነበር።

ታዲያ አንድ ሰሞን ልጁ ፈዘዘብኝ። "አንተ፣ ሰነፍክ እንዴ?" እለዋለሁ። "ኧረ አልሰነፍኩም ጋሼ።" "በል አምስት ዙር ጨምር!" ይጨምራል። በማግስቱ ይብስበታል፣ እኔም እብስበታለሁ። አሸዋ የሞላ ከረጢት አሸክሜ ዳገቱን አስወጣው ነበር እኮ! እና እሱ ምን ይላል? እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ፣ ሌላ ቃል የለውም።

ታዲያ የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ሳምንት ሲቀረው፣ የምንጋጠመው ከሀና ማርያም ሰፈር ልጆች ጋር ነው፣ እናቱ እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ሜዳ ድረስ መጡ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። "ና ቤት!" አሉኝ። ብሄድ የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ተቀምጧል፣ የቀበሌው አሰልጣኝም ተቀምጧል፣ ተስፉ ጉልበቱ አብጦ ተኝቷል። ለካ ልጁ ጠዋት ለቀበሌው ይሮጣል፣ ቀን ለትምህርት ቤቱ፣ አመሻሽ ላይ ለእኔ! ሦስታችንም ሰነፈ እያልን ዙር እንጨምርበታለን!

"ለምን አልነገርከኝም?" ስለው፣ "ለትልቅ ሰው እንዴት ደክሞኛል ይባላል? አፍሬ ነው ጋሼ" አለኝ። አንጀቴን በላው።

እትዬ አልማዝ ታዲያ፣ "የልጄ እግር ሁለት ነው፣ እናንተ ሦስት ናችሁ፣ እንዴት ልትካፈሉት ነው?" አሉ። ፊሽካችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን መሬት መሬት እናያለን። ጉልበቱን ሊያይ የተጠራው ወጌሻ ደግሞ "አጥንቱ ገና አልጠናም፣ አሁን ካላረፈ ኳስ የሚባል አይነካም" አለ። እና ፊሽካዬን አውልቄ ለእትዬ አልማዝ ሰጠኋቸው። "ዳነ እስኪሉኝ እርስዎ ጋ ይቀመጥ" አልኳቸው። ሁለት ወር ሙሉ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ በፉጨት አሰለጠንኩ፣ ሰፈሩ ሳቀብኝ።

ፍጻሜውንማ አራት ለባዶ ተሸነፍን። ይሁና! ልጁ ዳነ፣ ተጫወተ፣ ይኸው ዛሬ ራሱ አሰልጣኝ ነው። እና ልጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው ታውቃላችሁ? "ትናንት የት የት ተጫወታችሁ?" ይቺን አንዲት ጥያቄ ያኔ ባውቃት! እህ፣ ተስፉ፣ ጨዋታ ልጨምርላቸው?

"ኧረ ጋሼ፣ እኔስ ደክሞኛል፣ እንሂድ።"

ሰማችሁት? ሰማችሁልኝ! ይቺን ቃል ከአፉ እስክሰማ ስንት ዓመት ጠበቅኩ! ና የኔ ልጅ፣ ደግፈኝ፣ እንሂድ።