ባዶ ያልነበረው ፍላሽ

ጠዋት ላፕቶፔ አልነሳ ብሎኝ ዲላ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ «ማስነሻ የሚሆን ፍላሽ አለህ?» ሲለኝ ከቁልፌ ላይ ፈትቼ ሰጠሁትና ይርጋጨፌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከኋላዬ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የእሷን ላፕቶፕ ከሠራላት ሌላ ጠጋኝ አጠገብ ተቀምጣ ኖሯል።

«ተነሳልሽ አይደል?» አላት።

«ተነስቷል። ውስጡ ግን ምንም የለም።»

«ፎርማት ስለማደርገው ያለሽን ገልብጪ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ገልብጫለሁ። ፍላሹ ላይ።»

«የትኛው ፍላሽ?»

«የራሴን ሰው ወስዶብኛል ብለህ የተቀበልከኝ።»



«ማስነሻ ሲጫንበት የነበረው ይጠፋል። ካልጠፋ አይሠራም።»

«ታዲያ ምን አለበት ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ሰው ፍላሽ ሲሰጠኝ ባዶ ነው ብዬ ነው የምቀበለው። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሠራው።»

«ሁላችሁም? እስካሁን የስንቱን ሰው ልፋት አጥፍታችኋል ማለት ነው?»

«በቃ ይቅርታ። መልሰሽ ጻፊውና በነጻ ፕሪንት አደርግልሻለሁ።»

«ጽሑፍ መሰለህ? ድምፅ ነው። ኢዲዶ ድረስ በእግሬ እየተመላለስኩ ሽማግሌዎች ያወሩልኝ የድሮ ታሪክ ነው።»

«እንደገና ሄደሽ ቅጂያቸዋ።»

«ሁለቱ ክረምቱን አርፈዋል። ከማን ልቅዳ?»

ከዲላ ብዙም ሳንርቅ ጪጩ ላይ ሰው ሲወርድ፣ ይርጋጨፌ የምሄደው እኔም አብሬ ወረድኩና መንገዱን ተሻግሬ ወደ ዲላ የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመርኩ።