የደረቀ ከንፈር

እንዴት አደርሽ፣ አሰጋሽ? ሰሊጡ ደረቀላችሁ? የእኛማ ትናንት ተራግፎ አለቀ፣ እግዜር ይመስገን። ነይ እስቲ አረፍ በይ፣ ጥላው ይበቃናል… ድምፄ በዛ እንዴ? ትራክተሩ ሲጮኽብሽ ስለሰነበተ ጆሮሽ እንዳይቸገር ብዬ ነው። ማንም አይሰማንም። እዚያ ግራሩ ሥር ጀርባውን የሰጠን ሰው እንደሆነ ተኝቷል፤ ጆሮው የቀላው ከፀሐዩ ነው።

ስሚኝማ፣ እዚህ እርሻ ላይ አንድ ሊቅ እንዳለን ሰምተሻል? ማን እንደሆነ አልነግርሽም፣ ሰው ማማት አልወድም። ክረምቱን ሙሉ ከስልኩ ላይ ፖከር ሲማር ከረመ። ካርታውን ብቻ እንዳይመስልሽ! የሰውን ልብ ነው የተማረው። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ምራቁን ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ሰው ባዶ ካርታ ይዞ ያስፈራራል ማለት ነው አሉ። ስልኩ ፈተናም ይሰጣል፤ አንድ ሳይስት አለፈ። ሚስቱ ላይም ይለማመዳል። ጀሪካን ውኃ በጀርባዋ ተሸክማ ስትገባ «ፊትሽን ሳየው ደስ ብሎሻል» ይላታል። ጎበዝ አይደለም?

ትናንት በምሳ እረፍት እውነተኛው ፈተና መጣለት። ከአንዳርጋቸው ጋር ተቀመጡ። አንዳርጋቸው ያቺን ባለሶላር መብራቱን አስያዘ። የእኛ ሊቅስ? ነገ ወደ መተማ በሚሄደው ሎሪ ላይ የተያዘለትን ቦታ… የራሱን ብቻ? ቸር ሰው አይደል፣ የሚስቱንም ጨምሮ!

አንዳርጋቸውን ታውቂዋለሽ፤ ጽጌን ሲጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፉ አይዞርም። በዚህ ሐሩር ነዶ ሲያራግፍ አርፍዶ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሊቃችን አየው፣ አየውና… ፈገግ አለ። «ኸላስ፣ አበቃ፣ ፈርቷል፣ ባዶ ነው!» የአንዳርጋቸው ካርታ ሲገለጥ አራት ንጉሥ፤ ሁለቱም ቦታ የእሱ ሆነ።

ጾመኛ ቁማር ምን ያደርግለታል እንዳትዪኝ፣ እሱን የንስሐ አባቱ ይጠይቁት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሊቃችንም እኮ ጽጌን እጾማለሁ ብሎን ነው የከረመው! ታዲያ የጾም ከንፈር እንዴት ጠፋው? ፉል ቤት ያላት ማሚት ገና በጠዋቱ ፉል በእንቁላል ሲበላ አየሁት ትላለች… እኔ ግን አላምናትም። ሽታው ናፍቆት ገብቶ ይሆናል።

ሎሪው ነገ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ማን ያውቃል? እሑድ የልጄ የሐመልማል ሕፃን ክርስትና ይነሳል፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ። የሚገርምሽ፣ የሊቁም ልጅ ስሟ ሐመልማል ነው፤ እሷም መተማ አራስ ናት! ለሕፃኑ የገዛሁትን ነጭ ልብስ ለአንዳርጋቸው ሰጥቼ እልካለሁ። አልዋሽሽም፣ ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ጠዋት ፊቴን አየና «ጥሩ ተኝተሻል» አለኝ… አላት ማለቴ ነው፣ ሚስቱን።

እኔ ቂም የለኝም። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። የሰው ፊት የሚያነብበትን ዓይኑን ይጠብቅለት። የልጅ ልጁ በእግሩ ሄዶ፣ አፉን ፈትቶ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ማነህ?» ሳይለው በፊት ለልጁ ደጅ ያብቃው። አሜን በይ እንጂ፣ አሰጋሽ!