እትዬ ቁልፍና መንገደኛው ኢሜይል

ዝናቡ ባያግዳቸው ኖሮ ሁለቱ ሴቶች ደረጃው ላይ ባልተገናኙ ነበር። አንደኛዋ የቢሮው ደብዳቤ ተቀባይ ናት። መሳቢያውንም ቁም ሣጥኑንም ስለምትቆልፍ ባልደረቦቿ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። ሌላዋ ከመንደር መንደር እየዞረች የጉድጓድ ውሃ የምትመረምር ወጣት ናት። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ እየፈሰሰ ብርሃኑን አረንጓዴ ስላደረገው፣ እትዬ ቁልፍ ለአፍታ ሐይቅ ውስጥ የቆመች መሰላት። ወዲያው ደግሞ ሐይቅ ካለ የሚሰምጥ አይጠፋም ብላ ደነገጠች።

«ተነሺ ልጄ፣ ይኼ ደረጃ ብርድ ነው፤ ኩላሊትሽን ይመታሻል።»

«እሺ እትዬ፤ እንኳን አገኘሁዎት። ነገ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ልጆቹ የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ አጠራጥሮናል። የላቦራቶሪው ውጤት የሚመጣው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። እባክዎ፣ የቢሮው ኢሜይል ላፕቶፔም ላይ ይግባልኝ።»

«እንዴት ተደርጎ! የደብዳቤ ቤቱ ቢሮ ነው። ከቤቱ የወጣ ደግሞ እንደወጣ ይቀራል። አውቶቡስ ውስጥ ቢሰርቁሽስ? ወንዝ ስትሻገሪ ቢወድቅብሽስ? እኔ አትሜ ፋይል አደርግልሻለሁ፣ ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።»

«ስመለስማ ልጆቹ ጠጥተውት ይጠብቁኛል።»

እትዬ ቁልፍ ቁልፎቿን አወጣች። ልጅቷንም ወደ ክፍሏ ወሰደቻት። ኮምፒውተሯ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ተሸፍኗል። ወጣቷ ጨርቁን ገልጣ የኢሜይሉን ማስተካከያ ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ።

«ይኸውልዎ። ይኼ ኮምፒውተር የመጣውን ሁሉ ከማዕከሉ፣ ደብዳቤው መጀመሪያ ከሚደርስበት ሰርቨር፣ ካወረደ በኋላ እዚያ ያለውን ይደመስሳል። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ! ማን እንደሚጠብቀው በማላውቀው ቦታ አላሳድረውም ብዬ ነው።»

«ለካ ባለፈው ጉዞዬ በስልኬ ስከፍት ባዶ የሆነብኝ ለዚህ ነው። የዚያ መንደር ጉድጓድ ንጹሕ ነው የሚለው ውጤት ደርሶ ነበር፤ ግን ይኼ በርቶ የቀረ ኮምፒውተር አውርዶት እዚህ ክፍል ተቆልፎበታል። እርስዎ ደግሞ ታመው ቤት ነበሩ። የመንደሩ ሴቶች ባልዲያቸውን ይዘው ቆሙ፣ ቆሙና ወደ ወንዙ ወረዱ።»

«የወንዝ ውሃ ጠጡ?»

«ታዲያስ! ጥማት መቼ ፋይል ይጠብቃል?»

ሰው ክፉ እንዳይገባበት የዘጋው በር ደጉንም ውጭ ያስቀረዋል። እትዬ ቁልፍ በዓይነ ኅሊናዋ የሴቶቹን ጀርባ፣ ቁልቁለቱን፣ የሚወዛወዙትን ባልዲዎች አየች። ሆኖም የፈሪ ልብ በአንድ ምክር አይረታም።

«እሺ፣ ሁለት ቦታ ሲሆንስ ሁለት ወሬ አይሆንም? አንቺ አንድ ስትመልሺ እኔ ሌላ ልመልስ! ‹እብድ ቤት ነው እንዴ?› ይሉናል።»

«ጉድጓዱ አንድ ነው እትዬ፣ መቅጃው ነው ሁለት። ደብዳቤው ማዕከሉ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለታችንም እዚያው እናየዋለን። እኔ ያነበብኩት እርስዎም ጋ እንደተነበበ ይታያል። የመለስኩትንም ‹የተላኩ› በሚለው ውስጥ ያገኙታል። እስከ ዛሬማ፣ አይቆጡኝና፣ ጉድጓዱን ነቅለው ቤት ሲያስገቡ ነበር።»

እትዬ ቁልፍ ሳትወድ በግድ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም።

«ኔትወርክ ከሌለስ?»

«የወረደውን ያለ ኔትወርክ አነባለሁ። የጻፍኩትም ኔትወርክ እስኪመጣ ወረፋ ይጠብቃል።»

«ሌባስ?»

«ውስጡ ያለው ሁሉ የተመሰጠረ ነው፤ ያለ ይለፍ ቃል አይነበብም። ሻይ ቤት ባገኘሁት ዋይፋይም አልከፍትም፣ የራሴን ስልክ ኢንተርኔት እጠቀማለሁ። ላፕቶፑ ከጠፋ ደግሞ እደውልልዎና የኢሜይሉን ይለፍ ቃል ከዚሁ ሆነው ይቀይሩታል።»

«እኔ?»

«ከእርስዎ የተሻለ ቆላፊ ከየት ይመጣል?»

ይህ ቃል ከምክሩ ሁሉ ይልቅ ልቧን አራሰው። የቆዩትን ደብዳቤዎች ቅጂ ካስቀመጡ በኋላ ‹ደምስስ› በሚለው ላይ ያለውን ምልክት በገዛ እጇ አነሳች። ወጣቷም ሁለቱም ኮምፒውተሮች ከማዕከሉ ላይ እንዲያነቡ አስተካከለች፤ ላፕቶፑም አዲስ የመጡትን ደብዳቤዎች ተቀበለ። ወጣቷ ልትሄድ ስትነሳ ግን ክንዷን ያዘቻት።

«ከዚህ ሕንጻ ውጪ ሳትሞክሪው አትሄጂም። ቤት ውስጥ ሁሉም ጎበዝ ነው።»

ወጣቷ እየሳቀች መንገዱን ተሻገረች፣ ከሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠልላም በስልኳ ኢንተርኔት ሞከረች። መቀበሉ ሠራ፤ መላኩ እምቢ አለ! ስትመለስ ሳቋ የለም።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። የመላኪያው በር ከውጭ የመጣን ሰው ስም ሳይጠይቅ ይመልሰዋል። ስሜንና ይለፍ ቃሌን አስገብቼ እንዲልክ ላስተካክለው። መንገድ ላይ ሆኜ ቢሆን ጉድ ፈልቶብኝ ነበር!»

እንግዲህ አንባቢ ይመልከት። አዲሱን ነገር ያመጣችው ወጣቷ ናት፤ እንከኑን ያጋለጠው ግን የትልቋ ሥጋት ነው። ሥጋት መንገድ ሲዘጋ ይጎዳል፣ መንገዱን ሲፈትሽ ግን ይጠቅማል።

ውጤቱ የመጣው በማግስቱ፣ ወጣቷ ከሄደች በኋላ፣ ቢሮው በቀትር ሙቀት ባንቀላፋበት ሰዓት ነው። እትዬ ቁልፍ ከምሳ ስትመለስ ከፈተችው፦ «ውሃው ተበክሏል። እንዳይጠጣ።» ስትደውል የወጣቷ ስልክ አይሠራም። የትምህርት ቤቱ የእረፍት ደወል በጆሮዋ የጮኸ መሰላት፤ ልጆች እየተጋፉ አፋቸውን ከፓምፑ ሥር ሲደቅኑ ታዩዋት። ላቡን ከግንባሯ ጠርጋ፣ ‹የተላኩ› የሚለውን ከፈተችው። ወጣቷ ለላቦራቶሪው የላከችው መልስ እዚያ ነበር፦

«ውጤቱን ኮረብታው ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ርእሰ መምህሩ ፓምፑን በሰንሰለት አስሮታል። ልጆቹ ዛሬ ከዚህ ውሃ አልጠጡም።»

ከጎን ያለው ሒሳብ ሹም አንገቱን አስግጎ፣ «ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አላት።

«ኧረ አልሞተም! አንተም መንገድ ስትወጣ ኢሜይልህን ይዘህ ውጣ። ቢሮ ብትሆን መንገድ ላይ ብትሆን ያው አንድ ደብዳቤ ነው። አይጠፋም፣ አይዘገይም፣ እኔ ብታመምም አብሮኝ አይተኛም።»

ከዚያ አገጯን በእጇ ደግፋ ስክሪኑን አየችው። በዓይነ ኅሊናዋ፣ በማታውቀው ግቢ፣ ስማቸውን በማታውቃቸው ልጆች ላይ የቀትር ፀሐይ ያበራል። አቧራ እያስነሱ ወደ ክፍላቸው ይሮጣሉ፤ ጉድጓዱ ጋ የቆመ አንድም የለም።