በአዝራር ቆርቆሮ የተቆጠበ መድኃኒት

የሽማግሌው ልብስ ሰፊ እግር ከጧት ጀምሮ አላረፈም። መርፌው ሥር ጨርቅ ሳይኖር የስፌት መኪናዋን ፔዳል ይረግጣሉ፣ ተነሥተው ደጁን ያያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ነገ ልጃቸው አዲስ የተወለደችውን የልጅ ልጃቸውን ይዛ ልትመጣ ነው። ያቁነጠነጣቸው ግን ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ሰሞኑን የተመለሰችው ትንሽ ሳልም ነበረች። «ብርድ ነው» ብለው ለልጃቸውም ለራሳቸውም ደጋግመው ቢናገሩም ልባቸው አላመናቸውም።

ሰፈሩ «ጋሽ ቁራጭ» ይላቸዋል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላቸውም፤ ከሱቃቸው ቁራጭ ጨርቅ ተጥሎ አያውቅም። ከገበር የተረፈው ትራስ ይሆናል፣ የክር ጫፍ ከክር ጫፍ ይቀጠላል፣ የአሮጌ ኮት አዝራር ተነቅሎ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ቁጠባ መልካም ጠባይ መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን መልካም ጠባይም ቦታውን ሲስት ባለቤቱን ይዞ ገደል ይገባል።

ቀትር ላይ ዝናብ ጣለና መንገደኛውን ሁሉ ባገኘበት አስጠለለው። ወደ ሱቁ ዘላ የገባችው የጎረቤት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፉላት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ በሕክምና ላቦራቶሪ ትሠራለች። ጋዋኗን ስታራግፍ አንድ አዝራር መውደቁን አየች።

«ጋሼ፣ አንዲት ነጭ አዝራር አያጡም መቼስ!»

«ከእኔ ቤት አዝራር ጠፍቶ ያውቃል? ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጅሽን ሰደድ አድርጊ» አሉና ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ። ዘግይተው ነበር። ልጅቱ ከአዝራሮቹ ጋር ቀላ ቀላ ያሉ ክኒኖች በመዳፏ አፍሳለች።

«ይህ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው። የማን ነው ጋሼ?»

ሽማግሌው ፔዳሉን ረገጡት። መኪናዋ ባዶዋን ጮኸች።

«የእኔ ነው፤ የማን ይሆናል? ሳሉ ሲለቀኝ መዋጤን አቆምኩ። የተረፈው ለምን ይባክናል? ለክፉ ቀን ይሆነኛል ብዬ አስቀመጥኩት።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

«ተረቱን ለእኔ ተይልኝ፣ ልጄ። ሰው ከዳነ ወዲያ የሚውጠው ለማን ብሎ ነው? እኔ የተጠገነ ልብስ ደግሜ አልጠግንም።»

ነገሩ ላይ ላዩን ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ስንቱን ሰው የጨረሰው እውነት የሚመስል ነገር ነው! ልጅቱ ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችም፤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እሺ፣ በሙያዎ እንነጋገር። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ሰውም ዛፉም ባክቴሪያውም፣ ስብ ይሠራል። ሰውነታችን የተገነባበት እያንዳንዱ ሴል በስስ የስብ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ያለዚያ ውስጡ ፈስሶ ያልቅ ነበር። ይህን ስብ የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ፤ ኢንዛይም እንላቸዋለን።»

«ደመወዛቸው ስንት ነው?» አሉ ሽማግሌው። ቀልዱ ሳል አስከተለባቸው፤ ፊታቸውን አዙረው በመሐረብ አፈኑት።

ልጅቱ ሰምታለች። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችና ቀጠለች።

«ስቡ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተቀጠለ ይረዝማል። የነቀርሳው ባክቴሪያ የሚቀጥለው ደግሞ እጅግ ረጅም ነው፤ እንደ ሰም ያለ ወፍራም ካፖርት ይለብስበታል። ሰውነታችን ሲታገለው የሚያተርፈው ያ ካፖርት ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ሁለት ጨርቅ ከገጠሙ በኋላ ምን ያደርጋሉ?»

«ስፌቱን በካውያ እተኩሰዋለኋ! ሳይተኮስ ሌላ ቁራጭ ከገጠሙበት ተጨማዶ ይቀራል።»

«ባክቴሪያውም ዘንድ በየቅጥሉ መጨረሻ የሚተኩስ አንድ ኢንዛይም አለ። እሱ ካልተኮሰ የሚቀጥለው ቁራጭ አይገጠምም። እርስዎ ከሚውጧቸው መድኃኒቶች አንዱ የዚያን ተኳሽ እጅ ይይዛል። ካፖርቱ ሳያልቅ ይቀራል፣ ባክቴሪያውም ይሞታል። የእኛ ሰውነት ስብ የሚሠራበት ኢንዛይም ሌላ ዓይነት ስለሆነ መድኃኒቱ አይዘውም።»

የሽማግሌው እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ሙያቸውን የነካ ወሬ ሲመጣ ጆሮ መንፈግ አይሆንላቸውም።

«እንግዲያው ተኳሹ ከተያዘ ነገሩ አለቀ! እኔስ ምን አልኩሽ?»

«ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው ጋሼ። የሚያዘው ካፖርቱን ገና እየሰፋ ያለው ባክቴሪያ ነው። ካፖርቱን ጨርሶ፣ ለብሶ የተኛውስ? እሱ ካውያ አያነሣም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ አይጎዳውም። ሳልዎ የለቀቀዎት የነቁት ስላለቁ ነው። ለወራት ይውሰዱ የምንለው፣ የተኛው በነቃ ጊዜ መድኃኒቱ ቆሞ እንዲጠብቀው ነው።»

«ያስቀመጥኩትን ዛሬ ብጀምረውስ? ለዚህ ቀን አይደል የቆጠብኩት?»

«እሱማ የባሰ ነው! ሲያቆሙ ሲጀምሩ ደካማው ይሞትና መድኃኒቱን የለመደው ይራባል። ያ ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ይኸው ክኒን አያድነውም።»

«ወደ ማን?»

ልጅቱ ቀና አለች። ዓይኗ መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለች አንዲት ቀሚስ ላይ አረፈ። ሽማግሌው ለነገዋ እንግዳ የሰፏት ናት፤ ከመዳፋቸው ብዙም አትበልጥም።

ፍርሃት መጣባቸው፤ ለራሳቸው ሲሆን ያልመጣባቸው ፍርሃት።

«አቅፌ ልስማት ነበርኮ» አሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ክኒን ይዤ ቀረሁ። ምን ይሻለኛል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ማቋረጥዎን በግልጽ ይንገሩ፣ አክታዎ ይመርመር፤ የሚወስዱትን እነሱ ይወስናሉ።»

ከመውጣታቸው በፊት ለልጃቸው ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ ነገ አትምጪ።»

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም። ብርድ ነው ያልኩሽ ብርድ አይደለም» አሉና ሁሉን ነገሯት። ከወዲያ በኩል ለቅሶ ሰሙ። መሐረቡን አፋቸው ላይ እንደያዙ በዝናቡ ወጡ።

ዕድል አልከዳቸውም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ገና አልለመደም ነበር። ለወራት በየቀኑ በባለሙያ ፊት ዋጡ። ሳሉ ሲጠፋም ዋጡ፣ ሲሰለቻቸውም እያጉረመረሙ ዋጡ። እንቅልፋቸው ተመለሰ፣ የሰፋባቸው ሱሪ ልክ መጣ። ወደ ሱቃቸው የሚስል ደንበኛ ከመጣ ልኬቱን ትተው ስለ ካፖርቱና ስለ ተኳሹ ያወሩለታል፤ ከደንበኞቹ ሁለቱ ሰምተው ተመርምረዋል። የጀመሩትን መድኃኒት መጨረስ ራስን ብቻ ሳይሆን ገና ያላቀፉትንም ማዳን መሆኑን ጋሽ ቁራጭ እንዲህ አድርገው ተማሩት።

«ድነዋል» በተባሉ ማግስት ልጃቸው ሕፃኗን ይዛ መጣች። ሽማግሌው ቀሚሷን ከማንጠልጠያው አውርደው ሊያለብሷት ቢሞክሩ በጭንቅላቷ እንኳ አልገባ አለች። ሕፃኗ አድጋለች።

«ውይ አባባ፣ ይህን የመሰለ ጨርቅ ባከነ!» አለች እናቷ።

ሽማግሌው ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ጉንጯን ሳሙት።

«ይባክን» አሉ።